«ቱ ሜኒ ኦፕን ፋይልስ»፦ ሊሚቱን ከፍ አድርጋችሁም ሰርቨሩ ሲወድቅ

«ጋሼ፣ ሊሚቱን 65536 አድርጌዋለሁ። ሪስታርትም አድርጌዋለሁ። አሁንም ያንኑ ይላል።»

ባለፈው ኅዳር ከደብረ ብርሃን የደወለልኝ ልጅ ነው። እኔ ያን ቀን ሸዋ ሮቢት ነበርኩ። እሱ ጋቢውን ደርቦ ሰርቨሩ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። መስኮቱ ላይ ደግሞ ከመሐል ሜዳ በሌሊት ተነስቶ የመጣ ሰው ሳይቀር «ሲስተም የለም» ተብሎ ቆሟል።

ሰርቨሩ ደጋግሞ የሚለው «ቱ ሜኒ ኦፕን ፋይልስ» ነው፤ የተከፈተው ፋይል ከሚፈቀደው ቁጥር፣ ከሊሚቱ፣ በዛ ማለት ነው። ልጁ የጻፈው ቁጥር ትክክል ነበር። የጻፈበት ፋይል ግን ሰርቪሱ (ከጀርባ የሚሠራው ፕሮግራም) ጭራሽ የማያነበው ነው። ይህን ስህተት በብዙ ሰው እጅ አይቼዋለሁ፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። ስለዚህ በስልክ ያስኬድኩትን ቅደም ተከተል እዚህ አስቀምጫለሁ።

ትዕዛዞቹን በስልክ እንደምንባባላቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ተርሚናል ላይ ስትመቱ በላቲን ፊደል ነው። ሰረዙ፣ ስላሹና ነጥቡ ባለበት ይቀመጣል።

ምን እንዳለቀ ይግባችሁ

ሊነክስ ላይ የተከፈተ ነገር ሁሉ ቁጥር ይወስዳል። ሎግ ፋይሉ፣ የእያንዳንዱ ተጠቃሚ ግንኙነት፣ ወደ ዳታቤዝ የሄደው መስመር፣ ሁሉም አንድ አንድ ፋይል ዲስክሪፕተር ይይዛሉ። አንድ ፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) ብዙ ጊዜ የሚፈቀድለት 1024 ነው።

አረቄ ቤት አስቡ። ቤቱ 40 መለኪያ ካለው፣ ጠርሙሱ ሙሉ ቢሆንም 41ኛው እንግዳ አይጠጣም። ራሙም ሲፒዩውም ነፃ ሆኖ ሰርቨሩ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። ታዲያ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ እንግዳው በዝቷል፣ ወይ የወሰደው ሁሉ መለኪያውን ይዞ ይቀራል። ለመጀመሪያው መለኪያ ይገዛል። ለሁለተኛው ግን መቶ ብትገዙም ያልቃል። የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ቁጥር አትንኩ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሁለት ኤስኤስኤች መስኮት (ከርቀት ሆናችሁ ሰርቨሩን የምታዙበት ተርሚናል) ክፈቱ። አንዱን ምንም ሳትሠሩበት ተዉት። ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ታያላችሁ።

የሱዶ ፈቃድ (እንደ ዋና አስተዳዳሪ የማዘዝ መብት) እንዳላችሁ አረጋግጡ። የምትነኩትን እያንዳንዱን ፋይል መጀመሪያ ኮፒ አድርጉ።

ሪስታርት አታድርጉ። አውቃለሁ፣ አለቃ ከኋላ ቆሞ «ቶሎ በል» ይላል። ግን ሪስታርት ስታደርጉ ማስረጃው ሁሉ ይጠፋል፤ ችግሩ እስኪመለስ ሁለት ቀን ትጠብቃላችሁ። ደረጃ 3ን ለመሥራትና ደረጃ 4 ላይ የተያዘውን ዝርዝር ለማውጣት 5 ደቂቃ ይበቃል።

ሰዓቱንም አስተካክላችሁ አንብቡ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው እዚህ ይጠፋል። ሠራተኛዋ «2 ሰዓት ላይ ቆመ» ትላለች። ልጁ ሎጉ ላይ 02:00 ሄዶ ይፈልጋል፤ ምንም የለም። ታይምዴትሲቲኤል ብላችሁ ሰርቨሩ በየትኛው ሰዓት እንደሚሠራ እዩ። በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ከሆነ ከሎጉ ላይ 6 ቀንሱ። በዩቲሲ ከሆነ 3 ቀንሱ። የእኛን ሰዓት ታገኛላችሁ። ዩቲሲ 05:10 ማለት ከጠዋቱ 2:10 ነው።

ደረጃ 1፦ ስህተቱን በትክክል አንብቡ

የኤንጂንኤክስን (ከፊት የሚቆመው ዌብ ሰርቨር) የስህተት ሎግ ክፈቱ፦

ሱዶ ቴይል -ኤን 100 /ቫር/ሎግ/ኤንጂንኤክስ/ኤረር.ሎግ

የራሳችሁን አፕሊኬሽን ደግሞ በጆርናልሲቲኤል -ዩ ከሰርቪሱ ስም ጋር እዩ። ቶምካት (የጃቫ ሰርቨር) ከሆነ ካታሊና.አውት የሚባለው ፋይል ውስጥ ነው።

ቁጥር 24 ካያችሁ፣ ወይም ያለ ቁጥር «ቱ ሜኒ ኦፕን ፋይልስ» ብቻ ካለ፣ የአንድ ፕሮሰስ ጣሪያ ሞልቷል። ይህ መመሪያ በዋናነት ለእሱ ነው።

ቁጥር 23 ከሆነና መልእክቱ መጨረሻ ላይ «ኢን ሲስተም» ካለ የሞላው የማሽኑ ጠቅላላ ጣሪያ ነው። ይህን አስተውሉ፦

ካት /ፕሮክ/ሲስ/ኤፍኤስ/ፋይል-ኤንአር

ሦስት ቁጥር ያወጣል። አንደኛው አሁን የተያዘው፣ ሦስተኛው ጣሪያው ነው። በአሁኑ ዘመን ማሽኖች ላይ ይህ ሲሞላ እምብዛም አይታይም። ከሞላ ግን አንድ ፕሮግራም ከመጠን በላይ እየበላ ነው ማለት ነውና ማን እንደሆነ ፈልጉ።

«ወርከር ኮኔክሽንስ አር ኖት ኢነፍ» የሚለው ሌላ ነገር ነው። እሱ የኤንጂንኤክስ የራሱ ቁጥር ነው። በቀጥታ ወደ ደረጃ 7 ሂዱ።

አንድ አታላይ አለ። ቴይል -ኤፍ ስትሉ «ኢኖቲፋይ» የሚል ቃል ከዚሁ ስህተት ጋር ከመጣ፣ ያለቀው የፋይል ሊሚት ሳይሆን ኢኖቲፋይ (የፋይል ለውጥ የሚከታተለው የሊነክስ ክፍል) ለአንድ ተጠቃሚ የሚፈቅደው ቁጥር ነው። ብዙ ጊዜ 128 ነው። ማክስ_ዩዘር_ኢንስታንስስ የሚባለውን በሲስሲቲኤል 512 አድርጉት። የቀረው መመሪያ አያስፈልጋችሁም።

ደረጃ 2፦ የሞላበትን ፕሮሰስ ያዙ

ሲስተምሲቲኤል ስታተስ ከሰርቪሱ ስም ጋር ምቱ። ከፕሮሰስ ቁጥሮቹ ጋር ዝርዝሩን ያሳያችኋል።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ኤንጂንኤክስ፣ ጉኒኮርንና ፒኤችፒ-ኤፍፒኤም አንድ አለቃና ብዙ ሠራተኛ ፕሮሰስ አላቸው። ጣሪያው ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ ለብቻው ነው። አለቃው ላይ 15 ፋይል ቆጥራችሁ «ሰላም ነው» አትበሉ። ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ።

ደረጃ 3፦ ጣሪያውንና የተያዘውን ጎን ለጎን አድርጉ

የፕሮሰሱ ቁጥር 2214 ነው እንበል።

ሱዶ ካት /ፕሮክ/2214/ሊሚትስ

«ማክስ ኦፕን ፋይልስ» የሚለውን መስመር ፈልጉ። ሁለት ቁጥር አለው። የመጀመሪያው ሶፍት ሊሚት ነው፤ አሁን የሚያስቆመው እሱ ነው። ሁለተኛው ሃርድ ሊሚት ነው፤ ሶፍቱ ሊደርስ የሚችልበት ጫፍ። ቀጥሎ፦

ሱዶ ኤልኤስ /ፕሮክ/2214/ኤፍዲ | ደብሊውሲ -ኤል

ልጁን «አንብብልኝ» አልኩት። «1024፣ 524288» አለ። «የተያዘውስ?» «1021።»

ትንሽ ዝም አለ። «65536 ጽፌ ነበርኮ ጋሼ!»

ጽፏል። /ኢቲሲ/ሴኪዩሪቲ/ሊሚትስ.ኮንፍ ላይ ነው የጻፈው። ያ ፋይል የሚያገለግለው በሎግኢን ለሚገባ ሰው ነው። በሲስተምዲ (ማሽኑ ላይ ሰርቪሶችን የሚያስነሳው ፕሮግራም) የሚነሳ ሰርቪስ በሎግኢን አይገባም፤ ፋይሉን አያየውም። ልጁ ደግሞ ተርሚናሉ ላይ ዩሊሚት -ኤን ብሎ 65536 ሲያይ ሥራው ያለቀ መሰለው። ያየው የራሱን እንጂ የሰርቪሱን አልነበረም። ስለዚህ ዩሊሚትን ለምርመራ አትመኑት። የሚታመነው /ፕሮክ ውስጥ ያለው ነው።

ጃቫ የምታሠሩ ደግሞ ይህን እወቁ። ጃቫ ሲነሳ ሶፍቱን ራሱ ወደ ሃርዱ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ቶምካት ላይ የሚገድባችሁ ሁለተኛው ቁጥር ነው።

ደረጃ 4፦ እንግዳው በዝቶ ነው ወይስ መለኪያው አይመለስም?

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ታሪኩን ጠይቁ። ሪስታርት ከተደረገ በኋላ ስንት ጊዜ ይቆያል? የልጁ መልስ፦ «ሰኞ ሪስታርት ካደረግነው ረቡዕ ጠዋት ይወድቃል።» ይህን ስሰማ ነገሩ ገባኝ። ሰው ስለበዛ የሚወድቅ ሲስተም ሰው በበዛ ቀን ነው የሚወድቀው። ቀን ቆጥሮ የሚወድቅ ግን የሚያፈስ ነው።

ቀጥሎ ቁጥሩን ተከታተሉ፦

ሱዶ ዋች -ኤን 60 'ኤልኤስ /ፕሮክ/2214/ኤፍዲ | ደብሊውሲ -ኤል'

በየ60 ሰከንዱ ይቆጥራል። ሠራተኛው ምሳ ሲወጣ፣ ከ6:30 እስከ 7:30፣ እዩት። ቁጥሩ አብሮ ከወረደ ጭነት ነው። ቢሮው ባዶ ሆኖ ቁጥሩ እዚያው ከቆመ ወይም ከጨመረ ኮዱ እያፈሰሰ ነው። ለዚህ ፍተሻ ከምሳ ሰዓት የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም።

አሁን የተያዘው ምን እንደሆነ ክፈቱት፦

ሱዶ ኤልኤስኦኤፍ -ኤን -ፒ -ፒ 2214

ሁለቱ «ፒ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ትልቁ ፊደል ነው፣ ሁለተኛው ትንሹ። ዝርዝሩ ረጅም ነው። ግን ማንበብ የለባችሁም፤ በዓይናችሁ ብቻ አውርዱት። የሚደጋገመው ነገር ራሱ ይታያል።

ሶኬት ሆኖ «ክሎዝ_ዌይት» የሚል ከተደረደረ፣ ወዲያ ያለው ወገን ስልኩን ዘግቷል፤ የእናንተ ፕሮግራም ግን ጆሮው ላይ እንደያዘ ነው። ይህን ከርነሉ (የሊነክስ እምብርት) በራሱ አያጸዳላችሁም። ፕሮግራሙ እስኪዘጋው ይቆያል። ጥፋቱ የኮድ ነው።

«ታይም_ዌይት» በብዛት ካያችሁ ግን አትደንግጡ። እሱ ፋይል ዲስክሪፕተር አይዝም። ኤስኤስ የሚለው ትዕዛዝ ላይ ሞልቶ ታይቶ ስንቱን ሰው በከንቱ አስለፍቷል!

ወደ ዳታቤዝ ፖርት የሚሄድ መስመር ከበዛ ኮኔክሽን ፑሉን (ተከፍተው በጋራ የሚሠራባቸውን የዳታቤዝ መስመሮች) እዩ። የማይመለስ ኮኔክሽን አለ፣ ወይም ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ ፑል እየተፈጠረ ነው።

«ዲሊትድ» የሚል ምልክት ያለው ሎግ ካለ፣ ፋይሉ ጠፍቷል፣ ፕሮሰሱ ግን አልለቀቀውም። ዲስኩም አብሮ አይለቀቅም። ሎግ የሚያዞረው መሣሪያ ሥራውን ሲጨርስ ለፕሮግራሙ ምልክት እንዲሰጥ አስተካክሉ።

የልጁ ሰርቨር ላይ ከ1021ዱ ከ900 በላይ የሆነው ክሎዝ_ዌይት ነበር። ሁሉም ወደ አንድ አድራሻ። ኤስኤምኤስ የሚልክላቸው ጌትዌይ ነው። አንድ ሰው በተመዘገበ ቁጥር ኮዱ አዲስ ግንኙነት ይከፍታል፣ መልእክቱን ይልካል፣ ከዚያ ሳይዘጋው ዝርዝር ውስጥ ይከተዋል። ሊሚቱ 65536 ቢሆን ኖሮ ረቡዕ አይወድቅም ነበር፤ ከወራት በኋላ ይወድቅ ነበር። ያኔ ደግሞ ምክንያቱን የሚያስታውስ ሰው አይኖርም።

ደረጃ 5፦ ለጊዜው መተንፈሻ ስጡት

ሰው ተሰልፎ ኮድ አይታረምም። ሰርቪሱን ሳታቆሙ የሚሠራውን ፕሮሰስ ጣሪያ ከፍ አድርጉ፦

ሱዶ ፒአርሊሚት --ፒአይዲ 2214 --ኖፋይል=8192:524288

ወዲያው ይሠራል። ደረጃ 3ን ደግማችሁ አረጋግጡ። ሠራተኛ ፕሮሰሶቹ ብዙ ከሆኑ ለእያንዳንዱ ድገሙት።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛ፣ ይህ ለውጥ ሰርቪሱ እንደገና ሲነሳ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ «ሲሌክት» በሚባለው በድሮው መንገድ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ከ1023 በላይ የሆነ ዲስክሪፕተር ሲገጥማቸው ሊበላሹ ይችላሉ። ሶፍት ሊሚቱ እስካሁን 1024 ላይ የቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው። አሮጌ፣ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ፕሮግራም ከሆነ ከፍ ካደረጋችሁ በኋላ ሎጉን ተከታተሉ።

ደረጃ 6፦ በቋሚነት አስተካክሉ

ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ኤዲት ከሰርቪሱ ስም ጋር ምቱ። ኤዲተር ይከፈታል። እነዚህን ሁለት መስመሮች ጻፉ፦

[ሰርቪስ]
ሊሚትኖፋይል=65536

ፊደሎቹን እንዲህ ምቱ። «ሰርቪስ» የመጀመሪያው ፊደል ትልቅ ነው። «ሊሚትኖፋይል» አንድ ቃል ነው፤ ኤል ትልቅ፣ ቀጥለው ያሉት አራቱ ትንንሽ፣ የመጨረሻዎቹ ስድስቱ ሁሉም ትልልቅ።

ወጥመድ አለ። አዳዲሶቹ ሲስተምዲዎች ላይ ፋይሉ ሲከፈት በኮሜንት የተሞላ ነው። መሐል ላይ «ከዚህ በታች ያለው ይጣላል» የሚል መስመር አለ። መጻፍ ያለባችሁ ከእሱ በላይ ነው። ሰው ግን ፋይሉ መጨረሻ ወርዶ ይጽፋል፣ ሴቭ ያደርጋል፣ ጽሑፉ ይጣላል።

ከዚያ፦

ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ዴመን-ሪሎድ
ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ከሰርቪሱ ስም ጋር

ሪሎድ አይበቃም። ሪስታርት ነው።

ቁጥሩን እንዴት ልምረጥ ለምትሉ፣ በጣም በተጨናነቀው ሰዓት የቆጠራችሁትን እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ አድርጉ። 65536 ለአብዛኛው ዌብ አፕሊኬሽን ከበቂ በላይ ነው። ገደብ የለሽ አታድርጉት። የሚያፈስ ኮድ ካለ ማሽኑን በሙሉ ይዞ ይወድቃል።

በዶከር የምትሠሩ ከሆነ ኮንቴይነሩን ስታስነሱ --ዩሊሚት ኖፋይል=65536:65536 ጨምሩ። ፕሮግራሙን ሱፐርቫይዘር የሚያስነሳው ከሆነ ደግሞ እሱ ኮንፊግ ውስጥ ሚንኤፍዲኤስ የሚባል አለ፤ ሲመጣ 1024 ነው፣ እሱንም ከፍ አድርጉት።

ደረጃ 7፦ ጎረቤቶቹንም እዩ

ኤንጂንኤክስ ከፊት ቆሞ ወደ አፕሊኬሽኑ የሚያስተላልፍ ከሆነ ለአንድ ተጠቃሚ ሁለት ዲስክሪፕተር ይወስዳል፤ አንዱ ወደ ተጠቃሚው፣ አንዱ ወደ ኋላ። ወርከር_ኮኔክሽንስ ደግሞ ሁለቱንም ይቆጥራል። ዋናው ኮንፊግ ላይ፣ ከኢቨንትስ ቅንፍ ውጭ፦

ወርከር_አርሊሚት_ኖፋይል 65536;

ቅንፉ ውስጥ ደግሞ፦

ወርከር_ኮኔክሽንስ 4096;

ሱዶ ኤንጂንኤክስ -ቲ ብላችሁ ፈትሹ። «ሰክሰስፉል» ሳይል ሪሎድ አታድርጉ።

ፒኤችፒ-ኤፍፒኤም ላይ በፑሉ ፋይል ውስጥ አርሊሚት_ፋይልስ የሚለውን አስተካክሉ። ማይኤስኪውኤል ወይም ማሪያዲቢ 24 ቁጥርን ከጻፈ የራሱ ኦፕን_ፋይልስ_ሊሚት አለው፤ ደረጃ 6ንም ለእሱ ሰርቪስ ድገሙለት።

ደረጃ 8፦ አረጋግጡ

ሪስታርት ካደረጋችሁ የፕሮሰሱ ቁጥር ተቀይሯል። 2214 አሁን የለም። አዲሱን ፈልጉና ደረጃ 3ን ከመጀመሪያው ሥሩ።

ከዚያ ሰው በሌለበት ሰዓት ማሽኑን ራሱን አጥፍታችሁ አስነሱ። ይህን ካልሞከራችሁ መብራት ሄዶ ሲመለስ ይሞክርላችኋል፣ ያውም ሰኞ ጠዋት።

ኮዱ የሚያፈስ ከነበረ ታርሞ ከወጣ በኋላ ለሦስት ቀን የምሳ ሰዓቱን ቁጥር ጻፉ። ልጁ ግንኙነቱን ሥራው ሲያልቅ እንዲዘጋ አደረገው፤ አንድ መስመር ነው የጨመረው። በሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት የላከልኝ መልእክት አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፦ 64።

እርምጃው ሲሰናከል

«ሱዶ ዩሊሚት» ስትሉ «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ካለ፣ ማሽኑ አልተበላሸም። ዩሊሚት የሼሉ የራሱ ቃል ነው፤ ሱዶ እንደ ፕሮግራም ፈልጎ አያገኘውም። ተዉት፣ ደረጃ 6ን ተጠቀሙ።

ሰርቪሱ ተነስቶ ቁጥሩ ካልተቀየረ ፊደል ስታችኋል፣ ወይም ከተጣለው መስመር በታች ጽፋችኋል። ሲስተምሲቲኤል ካት ከሰርቪሱ ስም ጋር በሉ። የጻፋችሁት መጨረሻ ላይ ከሌለ አልገባም ማለት ነው። ካለና ካልሠራ ጆርናሉ ላይ «አንኖውን ኪ» የሚል ፈልጉ፤ ሲስተምዲ ያላወቀውን ቃል ዝም ብሎ ያልፈዋል።

ሰርቪሱ ጭራሽ አልነሳ ካለ፦

ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪቨርት ከሰርቪሱ ስም ጋር

በኤዲት የጨመራችሁትን ሁሉ አንስቶ ወደነበረበት ይመልሰዋል። ከዚህ በፊት ሌላ ሰው የጨመረው ካለ እሱም አብሮ ይነሳልና ኮፒ ያዙ።

ሊሚትስ.ኮንፍ ላይ ኮከብ አድርጋችሁ ጻፋችሁ፣ ግን ሩት (ዋናው አስተዳዳሪ) ላይ አልሠራም? ኮከቡ ሩትን አይጨምርም። ሩትን በስሙ ጻፉት።

የሚያስፈራው የመጨረሻው ነው። ሊሚትስ.ኮንፍ ላይ ከርነሉ ከሚፈቅደው በላይ ቁጥር ከጻፋችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሎግኢን ማድረግ ሊያቅታችሁ ይችላል። ፓስዎርዱን ትክክል ትመታላችሁ፣ ይዘጋባችኋል። የሚፈቀደው ጫፍ ኤፍኤስ.ኤንአር_ኦፕን ይባላል፤ በተለመደው 1048576 ነው። ያ ሳትነኩት የተዋችሁት ሁለተኛ መስኮት ለዚህ ነው፤ እሱ ገና ክፍት ነው። በእሱ ፋይሉን ወደ ኮፒው መልሱና ሦስተኛ መስኮት ከፍታችሁ ሞክሩ። ሦስተኛው እስኪገባ ድረስ ሁለተኛውን አትዝጉ። ዘግታችሁት ከሆነ ኪቦርድና ሞኒተር ይዛችሁ ሰርቨሩ ዘንድ ሂዱ፣ በሪከቨሪ ሞድ አስነሱት፣ መስመሩን አጥፉት። ደብረ ብርሃን ከሆነ ጋቢ ያዙ።